የድሮ ኮንሶል የመረብ ኳስ ጌምን በብሮውዘር መጫወት፦ ከኪቦርድ ማስተካከል እስከ ስማሽ

የመረብ ኳስ ጌም ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። በእግር ኳስ ጌም ኳስ ቢያመልጣችሁ ሮጣችሁ ትነጥቃላችሁ። እዚህ ግን እጃችሁ ትንሽ ከዘገየ ኳሷ አሸዋው ላይ ወድቃለች። አለቀ። ስለዚህ የድሮ ኮንሶል መረብ ኳስ በብሮውዘር ለመጫወት ስታስቡ ትልቁ ሥራ ጌሙን ማግኘት አይደለም። ትልቁ ሥራ በጣታችሁና በስክሪኑ መካከል ያለውን መዘግየት መቀነስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተካክል ይጀምርና «ይሄ ጌም ከባድ ነው» ብሎ ይተወዋል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም እነዚህ ጌሞች አንዴ ከገቧችሁ ለመተው የሚከብዱ ናቸው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አሰልቺ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። ግን አትዝለሏቸው።

ደረጃ 1፦ ጌሙን መምረጥ

አታሪ 2600 ለተባለው የድሮ ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሪልስፖርትስ ቮሊቦል የሚባል ጌም አለ። ባሕር ዳርቻ ላይ ሁለት ለሁለት ነው የሚጫወቱት፤ የአታሪው ጆይስቲክ ያለው አዝራር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስዕሉ ጥርት ያለ አይደለም፤ ግን በአምስት ደቂቃ ትለምዱታላችሁ። ኒንቴንዶ ራሱ ያወጣው ቮሊቦል የተባለው ጌም በጃፓን በ1986፣ በአሜሪካ በ1987 ነው የወጣው። እሱ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ለስድስት ነው። ስድስት ሰው በአንድ ጆይስቲክ ማዘዝ ለጀማሪ ይከብዳል፤ በእሱ አትጀምሩ። ኪንግስ ኦቭ ዘ ቢች ደግሞ ሲንጂን ስሚዝና ራንዲ ስቶክሎስ በተባሉት የእውነተኛ ባሕር ዳርቻ ኮከቦች ስም የተሠራ ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተር ወጣ፣ በ1990 ደግሞ ወደ ኔስ መጣ። ኔስ የምንለው የ80ዎቹን ባለ 8 ቢት ኒንቴንዶ ነው።

እኔ የምመክራችሁ ሱፐር ስፓይክ ቪቦልን ነው። የሠራው ቴክኖስ ጃፓን ነው፤ ደብል ድራገንን የሠራው ድርጅት። ጌሙ በ1988 በአርኬድ ማሽን፣ ማለትም በመዝናኛ ቤት ሳንቲም እየተከፈለ በሚጫወቱበት ማሽን፣ ጀመረ፤ የአሜሪካው የኔስ ቅጂ በ1990 ወጣ። ሁለት ለሁለት ስለሆነ የምታዩት ሰው ትንሽ ነው፤ ዓይናችሁ አይበተንም። ከምትመርጧቸው ጥንዶች መካከል ደግሞ ቢሊና ጂሚ አሉ። ደብል ድራገንን የተጫወተ ሰው እነዚህን ወንድማማቾች አሸዋ ላይ ሲያያቸው ደስ ይለዋል። ከዚህ በኋላ የምለው በዋናነት ይህን ጌም ያሰበ ነው፤ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

አንድ ነገር ከቅጂ ጋር በተያያዘ፦ የአሜሪካውን ወይም የጃፓኑን ቅጂ ተጠቀሙ። እነዚህ በሰከንድ 60 ጊዜ ስዕል ይቀይራሉ። የአውሮፓው ቴሌቪዥን 50 ጊዜ ስለነበር፣ ለአውሮፓ የወጡ ብዙ ጌሞች ቀርፈፍ ይላሉ። በአንዱ የለመደ እጅ በሌላው ላይ ይሳሳታል።

ደረጃ 2፦ ከየት ይከፈታል?

በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራው ነገር ኢሙሌተር ይባላል። የድሮውን ኮንሶል ሥራ በሶፍትዌር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ኢንስቶል አይደረግም፤ ገጹ ሲከፈት አብሮ ይጫናል።

በደንብ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ የድሮ ዲጂታል ነገሮችን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ነው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አታሪ 2600ን፣ ኮሌኮቪዥንንና ሌሎች የድሮ ኮንሶሎችን በብሮውዘር የሚያጫውት ክፍል ከፍቷል። ሁለተኛው መንገድ የራሳችሁን የጌም ፋይል ተቀብለው የሚያጫውቱ ገጾች ናቸው። እዚያ ላይ ፋይሉን ከኮምፒውተራችሁ ትመርጣላችሁ፣ እዚያው ብሮውዘራችሁ ውስጥ ይከፈታል። ካርትሪጁ (ኮንሶሉ ላይ የሚሰካው የጌም ካሴት) ያለው ሰው በዩኤስቢ በሚሰካ ማንበቢያ ፋይሉን ማውጣት ይችላል።

የባለቤትነት ጉዳይን በቁም ነገር ውሰዱት። ጌሙ አርጅቷል ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ቴክኖስ ጃፓን በ1996 ተዘግቷል፤ ግን የጌሞቹን መብት በ2015 አርክ ሲስተም ዎርክስ የተባለው የጃፓን ድርጅት ገዝቶታል። ስለዚህ ጌሙን ያገኛችሁበት መንገድ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጡ።

ስለ ደኅንነትም ልንገራችሁ። በብሮውዘር ለመጫወት ምንም ነገር ዳውንሎድ አድርጋችሁ ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልጋችሁም። አንድ ገጽ «መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም ጫን» ካላችሁ ውጡ። «ፍላሽ ፕሌየርን አድስ» የሚል ካጋጠማችሁም እንደዚያው፤ አዶቢ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ አቁሞታል፣ ዛሬ የሚታደስ ፍላሽ የለም። ኖቲፊኬሽን ፍቀዱ ሲላችሁ ደግሞ እምቢ በሉ።

ደረጃ 3፦ ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

ብሮውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ። ክሮም፣ ፋየርፎክስ ወይም ኤጅ ቢሆን ችግር የለውም። ሌሎች ታቦችን ዝጉ፤ በተለይ ቪዲዮ የሚያጫውቱትን። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ሰኩ፤ ባትሪ ቆጣቢው ሲበራ ብዙ ማሽኖች ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ጌሙም ስታክ ማድረግ ይጀምራል። የብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለው፣ የስዕሉን ሥራ ለግራፊክስ ቺፑ የሚሰጠው፣ መብራቱን እዩ። ይኸው ነው።

ደረጃ 4፦ ኪቦርዱ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ የኪቦርዱን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። አማርኛ ሲጽፍ የዋለ ሰው ይህን ይረሳል። አንዳንድ ኢሙሌተሮች የሚያዩት የተጫነውን ቁልፍ ሳይሆን ከቁልፉ የወጣውን ፊደል ነው። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ዜድን ስትጫኑ «ዝ» ይወጣል፤ ኢሙሌተሩም ምንም እንዳልተጫነ ይቆጥረዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የቀስት ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ግን ኳስ አይመታም። ይህ ከታያችሁ ጌሙን አትጠራጠሩ፤ ቋንቋውን ቀይሩ።

ቀጥሎ ጌሙ ስክሪን ላይ አንዴ ክሊክ አድርጉ። ካልሆነ ቀስት ስትጫኑ ተጫዋቹ ሳይሆን ገጹ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ብዙ ጊዜ ድምፁም የሚከፈተው ከዚህ ክሊክ በኋላ ነው።

አሁን ቁልፎቹን እንመድብ። የኔስ ጆይስቲክ አራት አቅጣጫ፣ ኤና ቢ የሚባሉ ሁለት መምቻ አዝራሮች፣ ስታርትና ሴሌክት ብቻ ነው ያለው። በእውነተኛው ጆይስቲክ ላይ ቢ በግራ፣ ኤ በቀኝ ነው። በኪቦርዱም ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ ዜድ ቢ ይሁን፣ ኤክስ ኤ ይሁን። አንዳንድ ገጾች ሲከፈቱ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። የገጹን የኮንትሮል ሴቲንግ ክፈቱና አስተካክሉ። ስታርት አብዛኛውን ጊዜ ኢንተር ነው።

ሴሌክት በቀኝ ሺፍት ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሺፍትን አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑ ስቲኪ ኪስ የሚል መስኮት ብቅ ይላል፤ በዚያ ሰከንድ ነጥቡ ሄደ። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ኪቦርድ ገብታችሁ የስቲኪ ኪስን አቋራጭ አጥፉ።

ኮንትሮልና ኦልት ቁልፎችንም ለመምቻ አትጠቀሙ። ብሮውዘር ውስጥ ናችሁ፤ ኮንትሮል ከደብሊው ጋር ታቡን ይዘጋል፣ ኦልት ከግራ ቀስት ጋር ወደ ኋላው ገጽ ይመልሳል። ግጥሚያው 13 ለ12 ሆኖ ታቡ ሲዘጋ አስቡት። አንዳንድ ኢሙሌተሮች እነዚህን ቁልፎች ራሳቸው መድበው ይመጣሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሯቸው።

ደረጃ 5፦ ጆይስቲክ ካላችሁ

ጆይስቲክ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ጌም ከኪቦርድ ይሻላል። የዩኤስቢ ገመድ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ብሉቱዝም ይሠራል፤ ግን መዘግየት የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ሰክታችሁ ምንም ካልሆነ አትደንግጡ። ብሮውዘር ጆይስቲኩን የሚያየው ገጹ ተከፍቶ ሳለ አንድ አዝራር ስትጫኑ ነው። አንዴ ተጫኑ፣ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ስሙ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ድምፅና ስክሪን

የብሉቱዝ ማዳመጫ አውልቁ። ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገየዋል። ጌሙ በሰከንድ 60 ስዕል ስለሚያሳይ አንዱ ስዕል የሚቆየው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የኳሷን ድምፅ ስትሰሙ እናንተ ከስድስት ስዕል በላይ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። ጆሮ ደግሞ እጅን ያዛል፤ ሳታውቁት በዘገየው ድምፅ መምታት ትጀምራላችሁ። የገመድ ማዳመጫ ወይም የላፕቶፑ ስፒከር ይበቃል።

ከቴሌቪዥን ጋር ካገናኛችሁት የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ፣ መዘግየትን የሚቀንሰውን ሴቲንግ፣ አብሩ። ስክሪኑን ሙሉ አድርጉ፤ ግን ስዕሉን ወደ ጎን አትለጥጡት። ኔስ የተሠራው ለ4 በ3 ቴሌቪዥን ነው። ሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ርቀቱ ሁሉ ይዛባባችኋል፣ ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ መገመትም ይከብዳል። በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍል ቢቀር ይቅር።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ግጥሚያ

ስታርት ተጫኑ፣ ለአንድ ሰው የሚለውን ምረጡ፣ ጥንዳችሁን ምረጡና ግቡ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ለማሸነፍ አትጫወቱ። ለመፈተሽ ተጫወቱ። አንዴ በኤ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) አድርጉ፣ አንዴ በቢ። አንዴ ወደ ፊት ያለውን አቅጣጫ ይዛችሁ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ኳሷ የት እንደምታርፍ እዩ። በዚህ ሩብ ሰዓት የምታውቁት ሌላ ጊዜ ብዙ ነጥብ ያድናችኋል።

ነጥብ አቆጣጠሩ ሊያደናግራችሁ ይችላል። ዛሬ በመረብ ኳስ ማንም ሰርቭ ያድርግ፣ ኳሱን ያሸነፈ ነጥብ ይወስዳል። ይህ ደንብ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ቡድን ብቻ ነበር፤ ሌላው ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቩን ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጌሞች በዚህ ደንብ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አሪፍ ስማሽ (ዘልሎ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) መትታችሁ ሰሌዳው ባይንቀሳቀስ ጌሙ ተበላሽቷል አትበሉ። ይህ ደግሞ አጨዋወቱን ይቀይረዋል፦ ሰርቭ በእጃችሁ ሲሆን ድፈሩ፣ ቢሳሳት የምታጡት ሰርቩን ነው። ሰርቭ በእነሱ እጅ ሲሆን ግን ጥንቃቄ፤ አንድ ስሕተት አንድ ነጥብ ነው።

ደረጃ 8፦ ጥላዋን ማየት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ኳሷን አትዩ፣ ጥላዋን እዩ።

ስክሪኑ ጠፍጣፋ ነው። ኳሷ ወደ ላይ ስትሄድ ከፍ እያለች ይሁን ወደ ሜዳው ወዲያኛው ጠርዝ እየሄደች ይሁን ከስዕሉ መለየት አይቻልም። የሚለየው ጥላዋ ነው። ጥላዋ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነች፤ ከኳሷ ትክክለኛ ቦታ በታች። ኳሷና ጥላዋ ሲራራቁ ኳሷ ከፍ ብላለች። ሲቀራረቡ እየወረደች ነው። ሲገናኙ አልቋል።

ስለዚህ ተጋጣሚ ሰርቭ ሲያደርግ ዓይናችሁን ወደ መሬት አውርዱ። የተጫዋቻችሁን እግር ወደ ጥላዋ መንገድ አስገቡ። መጀመሪያ ድረሱ፣ ከዚያ ምቱ። ጀማሪ የሚሳሳተው እየሮጠ አዝራር በመደብደብ ነው። አዝራሩን ስትጫኑ ተጫዋቹ የመምቻውን እንቅስቃሴ ይጀምራል፤ በዚያ ቅጽበት ሩጫው ይቋረጣል። ግማሽ እርምጃ ጎድሎ ኳሷ ፊቱ ላይ ትወድቃለች። እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

ከተቀበላችሁ በኋላ የተለመደው የመረብ ኳስ ሥርዓት ነው፤ መቀበል፣ ማመቻቸት፣ ስማሽ። ሦስት ንክኪ አላችሁ፣ ሦስቱንም ተጠቀሙባቸው። በሁለተኛው ንክኪ ኳሷ ወደ መረቡ ቀርባ ከፍ ትበል፤ ጊዜ የምትሰጣችሁ እሷ ነች። ለስማሽ የምትዘሉት ኳሷ ከፍታዋ ላይ ደርሳ መውረድ ስትጀምር ነው። ቀድማችሁ ከዘለላችሁ እናንተ ስትወርዱ እሷ ገና አየር ላይ ናት። ስትመቱ አቅጣጫ መያዝ አትርሱ፤ ዝም ብሎ የተመታ ስማሽ ብዙ ጊዜ ወደ መሐል ይሄዳል፣ መሐል ደግሞ ተጋጣሚው አለ።

ብሎክን፣ ማለትም የተጋጣሚን ስማሽ መረብ ላይ ዘልሎ መከልከልን፣ ለኋላ አቆዩት። ጀማሪ ሁለቱንም ተጫዋቾች መረብ ላይ ይሰበስብና ከኋላው ባዶ ሜዳ ይተዋል። መጀመሪያ መቀበልን ተማሩ። ተጋጣሚው አንድን ጥግ ደጋግሞ እንደሚመታ ስታውቁ ያን ጊዜ ለብሎክ ዝለሉ።

ደረጃ 9፦ ኢሙሌተሩን እንደ አሠልጣኝ መጠቀም

በድሮው ኮንሶል ያልነበረ፣ እናንተ ግን ያላችሁ ነገር ሴቭ ስቴት ነው። ጌሙን የትም ቦታ ላይ አስቁማችሁ እንዳለ ታስቀምጣላችሁ፣ ስትፈልጉ እዚያው ትመለሳላችሁ።

አብዛኛው ሰው ግጥሚያ ለማስቀጠል ብቻ ነው የሚጠቀምበት። እኔ ከሁሉ የምወደው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ተጋጣሚው ሰርቭ ሊያደርግ ሲል ሴቭ አድርጉ። ሰርቩን ለመቀበል ሞክሩ። ቢያመልጣችሁ ሎድ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ያንኑ ቅጽበት ደጋግማችሁ እየተመለሳችሁ እጃችሁ እስኪለምድ ትለማመዳላችሁ። ከዚያ ሌላ ሰርቭ ላይ ሴቭ አድርጉ። ለስማሽም ይሠራል፦ ሁለተኛው ንክኪ ከመደረጉ በፊት አስቀምጡና የዝላዩን ሰዓት ፈልጉ። ዘገምተኛ ማጫወቻ ያለው ኢሙሌተር ከሆነ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ሞክሩት።

ሴቩ የሚቀመጠው ብሮውዘራችሁ ውስጥ መሆኑን እወቁ። የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁ አብሮ ይጠፋል። ኢንኮግኒቶ መስኮት ላይ ከተጫወታችሁ መስኮቱ ሲዘጋ ይሄዳል። ገጹ ሴቩን በፋይል የማውረድ አማራጭ ካለው ረጅም ውድድር ላይ ስትሆኑ አውርዱት።

ደረጃ 10፦ ከጓደኛ ጋር

ጌሙ ያለ ጓደኛ ግማሽ ነው። ሱፐር ስፓይክ ቪቦል እስከ አራት ሰው ያጫውታል፤ በእውነተኛው ኔስ ላይ ለዚህ ፎር ስኮር የሚባል ማከፋፈያ ይሰካ ነበር። ኢሙሌተር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የአራት ሰውን አማራጭ ማብራት አለባችሁ። ለአራት ሰው ጆይስቲክ የግድ ነው።

ለሁለት ሰው አንድ ኪቦርድ መካፈል ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ፈትሹት። ርካሽ ኪቦርዶች ሦስት አራት ቁልፍ አብሮ ሲጫን አንዱን ይውጡታል። ሁለታችሁም ዘልላችሁ አንዳችሁ መሬት ላይ የምትቀሩት ለዚህ ነው። የጽሑፍ መጻፊያ ክፈቱ፤ የምትጠቀሙባቸውን የፊደል ቁልፎች ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ሁሉም ከተጻፉ ኪቦርዱ ይችላል። ካልተጻፉ ቁልፎቹን አራርቃችሁ መድቡ። የሁለተኛው ተጫዋች ቁልፎች ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ሴቲንግ ውስጥ ፕሌየር ሁለት የሚለውን ፈልጉ። ካልሆነ አንዳችሁ ጆይስቲክ፣ አንዳችሁ ኪቦርድ ያዙ።

በስልክ ከሆነ

በስልክም ይከፈታል። የኔስ ጌም ፋይል ራሱ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው፤ ኢሙሌተሩ ግን ትንሽ ይበልጣል። ከተጫነ በኋላ ጨዋታው የሚሄደው ስልካችሁ ላይ ስለሆነ ዳታ ብዙም አይበላም። ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት ገጹን ክፈቱ፣ ጌሙ እስኪጀምር ጠብቁ፣ ከዚያ ታቡን ሳትዘጉ ተጫወቱ።

ስልኩን አጋድሙት። የመንካት አዝራሮች ሜዳውን የሚሸፍኑ ከሆነ ከሴቲንግ አሳንሷቸው ወይም ከኋላቸው ያለው እንዲታይ አሳሷቸው። እውነቱን ለመናገር ስማሽ በመስታወት ላይ ያስቸግራል፤ አውራ ጣት አዝራሩን ሳያገኝ ይንሸራተታል። ኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ) ካላችሁ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ስልኩ ላይ መሰካት ይቻላል፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሰርቭ ታዩታላችሁ። ስልኩ ከሞቀ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ጌሙ ይጎተታል፤ ያኔ ከሽፋኑ አውጡትና ትንሽ አሳርፉት።